ሁለት ዓመት ወይስ አምስት

ዴልያ ሐርግሬቭ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በወደብ ከተማዋ በግሪምስቢ ጎዳናዎች ላይ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ፣ በእሷ በኩል ባለው ሁለተኛ ፍሬን ላይ እግሯን አሳርፋ፣ የሰው እጅና ዓይን ስትጠብቅ ኖራለች። ጠርጣራ ያደረጋት ሥራው ይሁን፣ ወይስ ጠርጣራ ስለሆነች ሥራው የተስማማት፣ እሷም በቅጡ አታውቀውም። ተማሪ መጪው መኪና ፍሬቻ አሳይቷል ብሎ ሊገባ ሲል፣ "ፍሬቻው የሚነግርህ አምፖሉ እንዳልተቃጠለ ብቻ ነው፤ ጎማውን እየው" ትለዋለች።

ከመኪና ውጭም እንዲሁ ናት። ሥጋ ቤት ስትገባ ከሥጋው ይልቅ ሚዛኑን ታያለች። ሰው ደግነት ሲያበዛባት ቦርሳዋን ወደ ሆዷ ታስጠጋለች። ባሏ ራስል ደግሞ በተቃራኒው ነው። ወደቡ አጠገብ ባለ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ መጋረጃ እንኳ ሲመረጥ "አንቺ እንዳልሽ" የሚል ሰው ነው። ቤት ውስጥ የሚፈረም ነገር ሁሉ የዴልያ ነው። እሱ እሷ በጣቷ ያሳየችው ቦታ ላይ ይፈርማል።

ቤቱን በብድር የገዙት ልጃቸው ቤታኒ ገና የወተት ጥርሷ ሲወልቅ ነበር። በየጥቂት ዓመቱ ብድሩ ይታደሳል። ወለዱ ለተወሰነ ጊዜ ይታሰራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ገበያው ቢያብድም ወርሃዊ ክፍያቸው ንቅንቅ አይልም። ጊዜው አልቆ ካልታደሰ ግን አበዳሪው እንዳሻው ወደሚያወጣውና ወደሚያወርደው ወለድ ይገባሉ። በዚያ ዓመት የታሰረው ወለድ በጥቅምት መጨረሻ ሊያበቃ ነበር፤ ዓመቱ ደግሞ ጋዙም ቅቤውም፣ የወለዱም ነገር፣ በየወሩ ሽቅብ የሚወጣበት ዓመት ሆነ።

ዴልያ ወለድ ሲጨምር ምን እንደሚያደርግ አይታለች። ወላጆቿ ቤታቸውን የገዙት በማይታሰር ወለድ ነበር። እሷ ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆናት ክፍያው የአባቷን ደመወዝ አልፎ ሄደ። እናቷ አንድ ቀን ጠዋት ቤቱን ጠርጋ፣ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ፖስታ ውስጥ ከትታ ለባንኩ ላከችው። ሌሎችም እንዲያ አድርገዋል በዚያ ዘመን። እናቷ ከዚያ በኋላ እስክትሞት በኪራይ ቤት ኖረች፤ ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት እንኳ ፈቃድ እየጠየቀች።

እንግዲህ በነሐሴ መጀመሪያ ሮወና የምትባል የብድር ደላላ ቤታቸው ስትመጣ፣ ዴልያ ልቧን ቆልፋ ነበር የጠበቀቻት። ሮወና አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጥፍሯ የተሠራ፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ ሴት ናት። ሻይ ቀረበላት፣ ብስኩት ቀረበላት። ሥራውን ለእናንተ በነፃ ነው የምሠራው ስትል ዴልያ ኩባያዋን አስቀመጠች።

"በነፃ ከሆነ የሚከፍልሽ ማነው?"

"አበዳሪው ነው የሚከፍለኝ።"

"እንግዲያው የእነሱ ሰው ነሽ።"

"ከብዙ አበዳሪዎች ጋር ነው የምሠራው፤ የአንዳቸውም ሰው አይደለሁም።"

"ወይም የሁሉም ነሽ።"

ራስል በጠረጴዛው ሥር በጫማው ነካ አደረጋት። ሮወና ግን አልከፋትም፤ ሳቅ ብላ ኮምፒዩተሯን ከፈተች። አሁን ካሉበት አበዳሪ ጋር ቢቆዩ ነገሩ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ዋናው ጥያቄ ወለዱን ለስንት ዓመት እንሰረው የሚለው እንደሆነ አስረዳቻቸው። ለሁለት ዓመት ቢታሰር ትንሽ ይረክሳል። ለአምስት ዓመት ቢታሰር ትንሽ ይወደዳል፤ ልዩነቱ በወር አንድ ቀን ዓሣና ድንች ገዝቶ ከመብላት አይበልጥም። ነገር ግን በአምስቱ ዓመት መሃል ቤቱን ሸጠን ብድሩን እንዝጋ ካሉ ከባድ ቅጣት አለው።

"አምስት" አለች ዴልያ።

"ሁለት" አለ ራስል።

ሁለቱም ባንድ አፍታ ነበር የተናገሩት። ዴልያ ዞራ አየችው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በብድሩ ጉዳይ አንድ ቃል ተንፍሶ የማያውቅ ሰው ነው። ራስል ብስኩቱን እያየ፣ "ሁለት ይሻላል" ብሎ ደገመው።

ሮወና ከአንዷ ወደ አንዱ ተመለከተችና ኮምፒዩተሯን በቀስታ ዘጋችው። "ተነጋገሩበት። ሁለታችሁም ሳትስማሙ ምንም ዋጋ ላስይዝላችሁ አልችልም። ግን ብዙ አትቆዩ።"

ከሄደች በኋላ ዴልያ ኩባያዎቹን እያጠበች፣ "ለምን ሁለት?" ብላ ጠየቀችው።

"ወለዱ ይወርድ ይሆናል።"

"ማን ነገረህ?"

"መጋዘን ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።"

በማግስቱ ምክንያቱ ተቀየረ፤ በወር የምትተርፈዋ ገንዘብ ትጠቅመናለች አለ። በሳምንቱ ደግሞ አምስት ዓመት ረጅም ነው፣ ሰው ምን እንደሚገጥመው አያውቅም አለ። አንድ ሰው ለአንድ ነገር ሦስት ምክንያት ሲያቀርብ ዴልያ አራተኛውን ትፈልጋለች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ሮወናን ነበር። ደላላዋ ከሁለት ዓመቱ የበለጠ ታገኝ ይሆን? በየሁለት ዓመቱ ስናድስ በየሁለት ዓመቱ ይከፈላታል፤ ራስልን ለብቻው ደውላ መክራው ይሆን? ከዚያ ጥርጣሬዋ ቀስ በቀስ ወደ ባሏ ዞረ። ዓይኗን ስትጥልበት፣ እስከዚያ ቀን እያየች ያላየችው ብዙ ነገር ሆኖ ተገኘ።

ራስል ሸሚዙን ራሱ መተኮስ ጀምሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ የበሬ ሥጋ ወጥ በካሮት መሥራት ተምሯል፤ ሲሠራ ስልኩን ከፍቶ እየተከተለ ነው። ስትገባ ስልኩን ይገለብጠዋል። አንድ ቀን ደግሞ ከሥራ ስትመለስ ሳሎን ውስጥ ተንበርክኮ የራሱን ወንበር በሜትር ሲለካ አገኘችው።

"ምን እየለካህ ነው?"

"ምንም። ስፋቱን ለማወቅ ፈልጌ ነው።"

"አሥር ዓመት ተቀምጠህበት ስፋቱን ዛሬ ነው ማወቅ ያማረህ?"

ራስል ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወደ ጓሮ ወጣ።

ዓሣና ድንች ቤት ተቀምጠው ሳለ ለእህቷ ለጌይል ነገረቻት። ጌይል ሁለት ባል ፈትታለች፤ በወንድ ጉዳይ ሊቅ ነኝ ባይ ናት። "ሸሚዝ የሚተኩስ ባል?" አለች፣ ድንቹን ኮምጣጤ ውስጥ እያጠቀሰች። "ሲተኩስለት የኖረው ሰው ሊቀየር ነው ማለት ነው። ሁለት ዓመት ያለሽ ለምን መሰለሽ? ቤቱን ያለ ቅጣት ሸጦ ድርሻውን ይዞ ሊወጣ ነዋ።"

"ራስል? ራስል ገበያ ሄዶ የራሱን ካልሲ ገዝቶ አያውቅም እኮ።"

"አሁን የምትገዛለት አግኝቷላ።"

ዴልያ ሳቀች፤ ነገር ግን የቀረውን ዓሣ ወደ ጎን ገፋችው።

በመስከረም አጋማሽ አንድ ማክሰኞ ቀን ከሰዓት አንዲት ነርስ እያስተማረች ነበር። ነርሷ ሁለት ጊዜ ፈተና ወድቃ ተስፋ ልትቆርጥ የደረሰች፣ መሪውን እንደ መድኃኒት ጠርሙስ አጥብቃ የምትይዝ ሴት ናት። ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ሲደርሱ ዴልያ ራስልን አየችው። ሥራ ላይ መሆን ነበረበት። የተተኮሰውን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቁልፍ ከያዘች ወጣት ሴት ኋላ ኋላ እየሄደ፣ ከፀጉር ቤቱ በላይ ወዳለው ፎቅ በሚያስገባው ጠባብ በር ገባ።

የዴልያ እግር ሳታዝዘው ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ከኋላ ያለው ሾፌር ጥሩንባውን ለቀቀው።

"ምን አጠፋሁ?" አለች ነርሷ ደንግጣ።

"ምንም አላጠፋሽም። ድንገተኛ ማቆም ነው። አሁን ግራሽን ያዢና ታጠፊ፤ ሠፈሩን እንዞረዋለን።"

ዞሩት። በሩ ተዘግቷል። "እንደገና" አለች ዴልያ። እንደገና ዞሩት። በሦስተኛው ዙር ነርሷ ስፖኪዮውን እያየች፣ "ይህ ፈተናው ላይ አለ?" ብላ በፍርሃት ጠየቀች። ዴልያ መልስ ሳትሰጣት ወጣቷ ሴት ብቅ አለች፤ ራስል ከኋላዋ። እጅ ተጨባበጡ። ሴትዮዋ ቤት የሚያከራይ ድርጅት ስም የተጻፈበት መኪና ውስጥ ገብታ ሄደች። ራስል የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ አንጋጦ የፎቁን መስኮት ለረጅም ጊዜ አየ።

ነገሩ የሌላ ሴት ጉዳይ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ የምትጣላው ሰው ይኖራት ነበር። ባሏ ግን ለራሱ ቤት እያየ ነው።

ያን ሳምንት ሳትጠይቀው ሰነበተች። ራት ሲበላ አየችው፣ ሲያዛጋ አየችው፣ ጠዋት ጫማውን ሲያስር አየችው። እሱ ደግሞ እንደ ወትሮው ነው፤ ሻይዋን አፍልቶ ይሰጣታል፣ ቆሻሻውን ያወጣል። ይህ ይበልጥ አበገናት። ሊሄድ የወሰነ ሰው እንዴት ቆሻሻ ያወጣል?

እሁድ ዕለት ባሕሩ ዳርቻ ደርሰን እንምጣ ብላ ወደ ክሊቶርፕስ ይዛው ሄደች። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ብቻ ነበር የሚታየው። መኪናዋን ፊቷን ወደ ጭቃው አድርጋ አቆመች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤ ሞተሩን ስታጠፋ ራስል ቀበቶውን ሊፈታ ሲል "ተቀመጥ" አለችው።

"ምነው?"

"ሁለት ዓመት ያልክበትን ምክንያት ንገረኝ።"

"ነግሬሻለሁ እኮ።"

"ሦስት ጊዜ ነግረኸኛል፤ ሦስቱም አይተዋወቁም። ማክሰኞ ከፀጉር ቤቱ በላይ ምን ታደርግ ነበር?"

ራስል ከአንገቱ ጀምሮ እየቀላ ሄደ። "ትከታተይኛለሽ?"

"ተማሪ ይዤ ሳልፍ አየሁህ።" ሦስት ጊዜ ማለፏን አልነገረችውም።

"ቤት እያየሁ ነበር። ኪራዩ ስንት እንደሆነ ለማወቅ። ወንበሬ በደረጃው ይገባ እንደሆነም ለማየት።"

"ይገባል?"

"አይገባም።"

 አንድ ሰው ከነውሻው ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል። ራስል እሱን እያየ፣ "ቤታኒ ትምህርቷን ልትጨርስ ስንት ዓመት ቀራት?" አለ። ቤታኒ ሊድስ ከተማ ፋርማሲ ታጠናለች።

"ሁለት።"

"እንግዲህ።"

"እንግዲህ ምን?"

"ለጌይል በስልክ የነገርሻትን ሰምቼ ነበር። የታጠበ ልብስ ተሸክሜ ደረጃው ላይ ነበርኩ። 'ቤታኒ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ በያዘች ማግስት ከዚህ ቤት ወጥቼ እሄዳለሁ፤ እስከዚያ ጥርሴን ነክሼ ነው' አልሻት።" ቃሉን በእሷ ድምፅ አይደለም ያለው፤ ሸምድዶ እንደያዘ ሰው ነው። "ልክ ያን ጊዜ ወለዱ የታሰረበት ጊዜ ቢያበቃ ብዬ ነው። ስትሄጂ ቤቱን ስንሸጥ ቅጣቱ ከድርሻሽ እንዳይቆረጥ።"

ዴልያ የመጀመሪያ ሐሳቧ ውሸት ነው የሚል ነበር። ራሱ ሊሄድ አስቦ በእኔ ሊያላክክ ነው። "ራስህ መሄድ ፈልገህ በእኔ አታሳብብ" አለችው።

"እኔ የት እሄዳለሁ?"

"ሸሚዝ መተኮስ የተማርከው ለማን ነው?"

"ለማንም። ስትሄጂ ሰው ፊት እንዳልዋረድ ነው። መጋዘን ውስጥ አንድ ሰውዬ ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ምን እንደሚመስል ብታዪው።"

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ሦስት ዓመት ሆኖታል። የራስል ወንድም ሊዮናርድ ሞቶ ነበር፤ ራስል ደግሞ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ቃል ከአፉ አልወጣም። ከሥራ ይገባል፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ስትናገረው ግድግዳውን ያያል። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ። እሷም ከሰው ጋር እየኖረች ብቻዋን መሆኗ ሲመርራት ለእህቷ ደወለች። ምን እንዳለች አሁን በቃል አታስታውሰውም፤ ሲነግራት ግን የራሷ ቃል መሆኑን አወቀችው።

"ለምን ያኔ አልጠየቅከኝም?"

"ብጠይቅሽ እውነት ነው ትይኛለሽ ብዬ።"

"እውነት ነበር" አለች ዴልያ። ልትዋሸው ትችል ነበር፤ ንዴት ነው፣ የሴት ወሬ ነው ልትለው ትችል ነበር። አላማራትም። "ያን ጊዜ የምሬን ነበር።"

ራስል ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ዓመት ሲጠብቀው የነበረውን ነገር የተቀበለ ሰው ይመስል ነበር። "አሁንስ?"

"አሁን አላውቅም። ረስቼው ነበር።"

"እኔ አልረሳሁትም።"

እጇን እጁ ላይ አላሳረፈችም። ሞተሩን አስነሳች፣ በልማድ ስፖኪዮውን አየች፣ ወደ ቤት ነዳች። መንገድ ላይ ያሰበችው ስለ ፍቅር አልነበረም። ይህ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሻይ እያፈላልኝ፣ ልሄድ እንደሆነ እያሰበ ኖሯል ብላ ነበር ያሰበችው። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይደብቀኛል ብላ ስትጠብቅ ኖራ፣ የራሷ ቃል ቤቷ ውስጥ ከባሏ ጋር ተደብቆ መኖሩን አላየችም። ንዴቷ በእሱ ነበር፤ በራሷም ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ስታመዛዝን ቤት ደረሱ።

ለቀናት በጎን በጎን ሲተላለፉ ቆዩ። በዚያ ሳምንት ማብቂያ ለንደን ላይ መንግሥት ያወጣው የበጀት ዕቅድ ገበያውን አናወጠው። ዜናው ሁሉ ወለድ፣ ወለድ ሆነ። ሰኞ ሮወና ደወለች። ድምጿ ውስጥ ያ ቅርብ ሳቅ አልነበረም።

"አበዳሪዎቹ ያቀረቧቸውን የወለድ ዋጋዎች ከገበያ እያወጡ ነው። የእናንተ አበዳሪ የነሐሴውን ዋጋ ትቶታል፤ ያለውንም ዛሬ ማታ ይዘጋል። እባካችሁ ዛሬ ወስኑ።"

"ሻጭ ሁሉ ዛሬ ማታ ይዘጋል ነው የሚለው" አለች ዴልያና ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ ሁለት የከሰዓት ተማሪዎቿን ሰረዘች። ራሷ ለአንድ ሌላ አበዳሪ ደወለች፤ ለግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ከሰማች በኋላ አንድ የደከመ የወጣት ድምፅ፣ ጠዋት የነበረው ዋጋ የለም አላት። ሌላ ጋ ደወለች፤ ለአዲስ ደንበኛ ለጊዜው አናበድርም አሏት። ሦስተኛው ከሮወና ዋጋ በላይ ጠራባት። ደላላዋ አልዋሸችም ማለት ነው። ዴልያ ይህን ለራሷ ስታምን ሕመም ተሰማት ማለት ይቻላል።

ራስል ከሥራ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

"ስማ። ዛሬ ማለቅ አለበት። አጣርቻለሁ።"

"አንቺ እንዳልሽ።"

"አይሆንም። በዚህ ላይ 'አንቺ እንዳልሽ' የለም። አንተ ምን ትላለህ?"

ራስል ካፖርቱን አወለቀ። አጥፎ የወንበሩ ጀርባ ላይ አንጠለጠለው። "የምትቆዪ ከሆነ አምስት እላለሁ። የማትቆዪ ከሆነ ሁለት።"

ዴልያ ለመመለስ ቸኩላ አታውቅም፤ ያን ጊዜም አልቸኮለችም። የእሱን ጎማ ስትጠብቅ ሰንብታ ጎማው ወዴት እንደታጠፈ አይታለች፤ የራሷ ነው ያልታወቃት። ሳሎን ውስጥ ተንበርክኮ የወንበሩን ስፋት የሚለካውን፣ መታጠፊያ ያለበት ደረጃ ላይ ቆሞ ወንበሩ እንደማይገባ ያወቀውን ሰው አሰበችው። ሌላ ቤት ውስጥ ያለ እሱ ራሷንም አሰበች፤ ቤቱ ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ማንም የማይዋሻት። ሐሳቡ ከሦስት ዓመት በፊት እንደነበረው አላጓጓትም።

"አምስት" አለች።

"ይህ መልስ ነው?"

"እኔ አንብቤ ነው የምፈርመው። ከእኔ የምታገኘው መልስ ይሄ ነው።"

ሮወና በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣች። ወለዱ ከነሐሴው ይልቅ በደንብ ከፍ ብሎ ነበር፤ ዴልያም ራስልም ማን እንዳዘገየው አልተነጋገሩም። ከመፈረሟ በፊት ዴልያ አንድ ነገር ጠየቀች፤ አበዳሪው ለሮወና ስንት እንደሚከፍላትና ለሁለት ዓመቱ ቢሆን ስንት ይሆን እንደነበር። ሮወና ገጹን ገልጣ አሳየቻት። ሁለቱም እኩል ነበር።

"ነሐሴ ላይ ብትጠይቁኝ ያኔም አሳያችሁ ነበር" አለች ሮወና።

"ያኔ አላምንሽም ነበር።"

ራስል ዴልያ ጣቷን ሳታሳየው፣ ራሱ አንብቦ፣ የሚፈረምበትን ቦታ ራሱ ፈልጎ ፈረመ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ማንም አላጣደፈውም።

ጥቅምት ሲያልቅ አዲሱ ክፍያ ጀመረ። ከድሮው ይከብዳል፤ የባሕር ማዶ ዕረፍታቸውን ለሁለት ዓመት ሰረዙ፤ ዴልያም ቅዳሜ ቅዳሜ መሥራት ጀመረች። ወለዳቸውን ያላሰሩት ጎረቤቶቻቸው ግን በዚያ ክረምት ቤታቸው ደጃፍ ላይ የሽያጭ ሰሌዳ ተክለዋል። ዴልያ ሰሌዳውን እያየች ባለፈች ቁጥር እናቷን ታስባለች፤ ከዚያ ወደ ቤቷ ገብታ በሩን ትዘጋለች።

ከራስል ጋር እንደ አዲስ ሙሽሮች አልሆኑም። ስልክ ስታወራ ደረጃው ላይ ኮቴ ካቆመ አሁን ትሰማዋለች፤ "ግባ፣ ጌይል ናት፤ ስለ አንተ አይደለም" ትለዋለች። አንዳንዴ ስለ እሱ ይሆናል። እሱም አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ፊቱ ወንድሙ እንደሞተበት ክረምት ይጨልማል። ያን ጊዜ ዴልያ ዝም ብላ አትተወውም፤ ካፖርትህን አውልቅና ንገረኝ ትለዋለች። ሲነግራት ሙሉውን መንገሩን ትጠራጠራለች። ግን ይነግራታል።

በመጋቢት አንድ እሁድ ራስል ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ፣ ይህን ገንዳ አውጥተን አዲስ እናስገባ፣ አንድ የማውቀው ቧንቧ ሠራተኛ አለ አላት።

"አሁን ምን ታይቶህ ነው?"

"ምንም። እዚሁ የምንኖር ከሆነ ብዬ።"

ዴልያ ገንዳውን አየችው፣ ባሏንም አየችው። ሰውየው ስንት ይላል ብላ ጠየቀች። ዋጋውን ሲነግራት ጥሩ ነው አለች። በማግስቱ ሌሎች ሁለት ቧንቧ ሠራተኞች ጠርታ ዋጋ ጠየቀች።